የጉዛራ ግንብ የበራ ሰሞን

ሚስቴ ከሞተች በኋላ አንድ አመል አወጣሁ። ከቤት ስወጣ አምፖሉን አብርቼ እወጣለሁ። ቤቴ ጎንደር ነው፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ ገና ከመታጠፊያው መስኮቴ ቢጫ ሆኖ ይታየኛል። ውስጥ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፣ ቁልፉም ያለው በኔ ኪስ ነው። ግን ጨለማ ቤት ገብቶ ግድግዳ እየዳበሱ ማብሪያ መፈለግን አልቻልሁትም። ጎረቤቶቼ «ቆጣሪው ዘመድህ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከአርባው ወዲህ ይቀራል፤ የቀልደኛ ግን ማለቂያ የለውም።

ሙያዬ ኤሌትሪክ ነው። ጣሊያን በነበረ ጊዜ ካንድ ጋራዥ ገብቼ ሽቦ በመላጥ ጀመርሁ፤ እነሱ ሲወጡ ፒንሳውና ካቻቢቴው እኔ ዘንድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጎንደር ውስጥ የኔ እጅ ያልነካው ማብሪያ ጥቂት ነው ብል ማጋነን ይሆን ይሆናል፤ ቢሆንም ግድ የለኝም። የነገሥታቱን ግንቦች መጠገን ተጀምሮ ከእንፍራንዝ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ ተራው ሲደርስ፣ ጥገናውን የሚመርቅ እንግዳ ከአዲስ አበባ እንደሚመጣና ምረቃውም በመብራት፣ በምሽት እንደሚሆን ተነገረን። ግንቡ አጠገብ የኤሌትሪክ መስመር የለም። ጀነሬተር ይወጣል፤ ከጀነሬተሩ ጋርም እዚያው የሚያድር ሠራተኛ ያስፈልጋል። ማን ይሂድ ሲባል ባለትዳሮቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እኔ እጄን አነሣሁ። ለሥራው ፍቅር ያደረብኝ መሰላቸው። እኔ የሸሸሁት ቤቴን ነበር፤ ለዚያውም የሸሸሁትን ቤት አምፖሉን አብርቼለት ሄድሁ።

የመብራቱ ኢንጂነር ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነበር። በጣሊያንኛ እንግባባለን፤ የሱም የኔም እኩል የተሰባበረ ስለሆነ አንተዛዘብም። እኔ የማውቀው መብራት አምፖሉን ከጣሪያው መካከል አንጠልጥሎ ቤቱን ቀን ማስመሰል ነው። እሱ ገና በመጀመሪያው ቀን «እዚህ ግንብ ላይ አንዲት ሚስማር አትመታም» አለኝ። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ጠጋኞቹ ስንት ለፍተው የሞሉትን ስንጥቅ በመዶሻ ማናጋት ነውር ነው። ስለዚህ ሽቦውን ሁሉ ከመሬት በታች ቀበርነው፣ ፓውዛዎቹንም ከወደቁት ድንጋዮች ኋላ ደበቅናቸው። ብርሃኑ ይታይ፣ አምፖሉ አይታይ ነው የሱ ሃይማኖት።

ፓውዛውን ፊት ለፊት ሲያቀኑት ግንቡ ወረቀት ላይ የተሣለ ይመስላል። ዝቅ አድርገው ከግድግዳው ሥር ሲያስጠጉት ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ጥላውን ይዞ ብቅ ይላል። የጥንቱና አሁን የተተካው ድንጋይ እንኳ ይለያል። ይህ ጉድ ይደበቅ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ይለይ፣ አንዋሽም» አለኝ። ይህን ንግግሩን ወደድሁለት።

አንድ ምሽት ደግሞ የግንቡን ደረጃ የሚያበራውን ፓውዛ ለኩሶ ከብርሃኑ መካከል አቆመኝና «ሜዳውን ተመልከት» አለኝ። ብመለከት ጥቁር ነው፤ ጣናም የለ፣ መንደርም የለ። «ብርሃን ውስጥ የቆመ ሰው ውጭ ያለውን አያይም። እንግዳው የሚቆመው እዚህ ስለሆነ ደብዘዝ እናደርግለታለን» አለ። ነገሩ ሸጋ ነበር። ግን የምረቃው አዘጋጆች የእንግዳው ፊት ደምቆ መታየት አለበት ብለው እምቢ አሉ፤ ደረጃው እንደ ቀትር እንዲበራ ተደረገ። ኢንጂነሩ ተናዶ ጎንደር ወረደ፤ እኔ ከጀነሬተሩ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ማደሪያዬ ከግንቡ ሥር ያለች የጠጋኞቹ የዕቃ ክፍል ነበረች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ ያን ሁሉ ፓውዛ እየጎተትሁ እኔ ራሴ የማድረው በኩራዝ ነው። ቀን ቀን ጠጋኞቹ የተራረፈውን ሲለቃቅሙ ይውላሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ እንፍራንዝ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ የሰው ድምፅ የለም። ብቸኝነትን ከቤቴ ሸሽቼ ከተራራ ላይ አገኘሁት፤ ያውም ሰፋ ያለውን።

መብራቱን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያበራሁት ኢንጂነሩ በወረደ ማግሥት ነው። በየምሽቱ ለጥቂት ጊዜ እየበራ ይሞከር ብሎኝ ነበር። ጀነሬተሩ ከግንቡ ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ሲነሣ ጆሮ ያደነቁራል። አብርቼ ወደፊት ዞር አልሁና ግንቡን አየሁት። አላፍርም፣ እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ድንጋይ ከጨለማው ተነሥቶ ቆመ፤ «አየሽ?» የምላት ሰው ግን አጠገቤ አልነበረችም።

ሞተሩን አጥፍቼ ጸጥ ሲል ነው ጩኸቱን የሰማሁት። ከደጁ ወዲያ «አቤት! አቤት!» ይላል የብዙ ሰው ድምፅ። ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። በዚያ ዘመን ትልቅ ሰው ካረፈበት ደጅ ላይ የተበደለ ሁሉ ሄዶ አቤት ይላል፤ እስኪሰማም ደጅ ይጠናል። የአካባቢው ሰው ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ጨልሞ የሚያውቀው ግንብ ባንድ ምሽት ቦግ ሲል አየ። ንጉሥ ገብቷል ከማለት በቀር ምን ሊል ይችላል? ጋቢውን እየጣለ፣ በትሩን እየያዘ፣ የመሬቱን፣ የበሬውን፣ የድንበሩን ነገር ይዞ ኮረብታውን ወጣ።

ፋኖሴን ይዤ ብቅ አልሁ። አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው እጅ ነሡኝ።

«ጌታው፣ ማን ገብቶ ነው?»

«ማንም አልገባ፣ አያ። መብራት ስሞክር ነው።»

«ምነው ታዲያ እንዲህ አሽሞንሙነህ አበራኸው?» አሉና ግንቡንም እኔንም ቀና ብለው ታዘቡ። ከኋላ የቆሙት ሳቁ፤ ዳገቱ ያደከመው አንዱ ግን እናቴን ሳይቀር ሰደበ። እየተቀላለዱ ወረዱ።

አንዲት አሮጊት ብቻ ከደጁ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ነጠላዋን አደግድጋለች፤ ሙግት ላይ ቆሞ እንደሚናገር ሰው።

«እማማ፣ ማንም የለም እኮ። ይውረዱ፣ ጨለማው ሳይበረታብዎ» አልኋት።

«ሰው የሌለበትን ቤት ማን ያበራል?» አለችኝ።

ከፒያሳ በታች ያለው መስኮቴ ፊቴ ላይ መጣ። እንግዳ የሚመጣ መሆኑ እውነት ስለሆነ ያንኑ ነገርኋት፤ ቀኑ ገና ነው ብዬም አከልሁ። «ይኸው፣ እኔስ ምን አልሁ» አለችና ከኮረብታው ሥር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወረደች። ለካ የምታድረው ከደጀ ሰላሙ ነው።

በማግሥቱም መብራቱ ሲበራ መጣች። ከዚያም በየምሽቱ። ግንቡ በበራ ቁጥር ትወጣለች፣ ከድንጋይዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ሳጠፋው ፋኖስ ይዤ እስከ ግማሽ መንገድ እሸኛታለሁ። ሰንበት ሲል «እናትህ አይደለሁ? አንቺ በለኝ» አለችኝና አንቺ ማለት ጀመርሁ። ሞተሩ ሲጮህ መነጋገር ስለማይቻል ዝም ብለን ግንቡን እናያለን፤ ሲጠፋ ወሬ እንጀምራለን። እኔም የሙከራውን ጊዜ ማሳጠር አመጣሁ።

ችግሯ እንዲህ ነው። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም መጣና ልጅ የላትም፣ መሬቱ የወንድሜ ነው ብሎ ከማሳዋም ከቤቷም አስወጣት። «ርስቱ የአባቴ ነው» ትላለች። «ባሌ እኔ ዘንድ ገብቶ አረሰ እንጂ ይዞት አልመጣ። አገር ያውቃል።» አገሩ ቢያውቅም የወረዳው ዳኛ የባላጋራዋ አበልጅ ነበር። ነገሯ ሲቀጠር፣ ሲቀጠር ሁለት መኸር አለፈ፤ አጫጁ ሌላ ሰው። ቀን በብርሃን ቤቷን ከደጁ ላይ ሆና አሳይታኛለች። ከወንዙ ማዶ፣ ሁለት ዋንዛ ጎን ለጎን ከቆሙበት ነው። ሰውየው በሩን በእሾህ አጥሮታል። አይኖርበትም፤ እሷ እንዳትኖርበት ብቻ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ይህን ሁሉ ዳገት ለአንዲት ጎጆ» ብዬ ቀለድሁባት አንድ ቀን።

«አንተስ ምን ይዘህ ነው እዚህ የቀረኸው?»

ያን ጊዜ ነው ስለሚስቴ የነገርኋት። ስለ አምፖሉም ነገርኋት። ለማንም ያልተናገርሁትን፣ መስኮቱን ከሩቅ ሳይ ለአንድ አፍታ አለች ብዬ እንደምደነግጥ፣ ከዚያ ቁልፉን ከኪሴ ሳወጣ እንዴት እንደሚሆንብኝ። አላለቀሰችልኝም። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገችና «ምነው ልጄ፣ አንተ ቤት የሚመጣ ሰው የለም?» አለችኝ። የለም አልኋት። «አንተስ ማን ቤት ትሄዳለህ?» አለችኝ። አስቤ አስቤ የምጠራው ቤት አጣሁ።

«እንግዲያስ» አለች፣ «እኔ ቤቴ የገባሁ ለት ማታ ኩራዜን በሩ ላይ አበራለሁ። ከዚህ ይታይሃል። ያን ጊዜ ና፤ ጠላም ባይኖር ቆሎ አላጣም።»

ወደ ክፍሌ ስመለስ ደስ ያለኝ መሰለኝ፤ ከመደቡ ላይ ጋደም ስል ግን ሆዴ ባባ። ቤቷ ከገባች ደጅ መጥናቷ ይቀራል። ደጅ መጥናቷ ከቀረ እዚህ ተራራ ላይ ማን ይመጣል? ጨካኝ ሐሳብ ነው፤ ግን አሰብሁት።

የምረቃው ቀን ደረሰ። መኪናዎች አቧራ እያስነሡ ወጡ፤ እንግዳው ባለሥልጣን፣ ካህናቱ፣ ጥበቃዎቹ፣ የወረዳው ሹሞች። ኢንጂነሩም ከረባት አሥሮ መጣ። ወሬው ስለተዳረሰ ደጅ ጠኚውም እንደገና ወጥቶ ነበር፤ ጥበቃዎቹ ግን ገመድ ወጥረው ከብርሃኑ ውጭ አቆሙት። አሮጊቷ ከፊት ናት። ነጠላዋን አጥባለች፤ እንዳደገደገች ነው። እኔ ከጀርባ ከጀነሬተሩ ዘንድ ሆኜ በግድግዳው ማዕዘን በኩል እሷንም ደረጃውንም አያለሁ።

ጀንበር ጠልቃ ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር አበራሁ። «ኦ!» ሲሉ አፋቸውን አየሁ እንጂ አልሰማሁም። እንግዳው ከደረጃው ላይ ወጥተው ቆሙ። መልካም ፊት ያላቸው፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ወደ ሜዳው እያዩ ፈገግ አሉ። ምን እንደሚያዩ እኔ አውቃለሁ። ምንም አያዩም። ከፊታቸው፣ ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ቦታ፣ ያ ሁሉ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ለሳቸው ጥቁር ነው።

ከዚያ አሮጊቷ አፏን ከፈተች። ምን እንደምትል አልጠፋኝም፤ በየምሽቱ ስትለማመደው ሰምቻታለሁና። «በሕግ አምላክ» ነው። በሕግ አምላክ ከተባለ ደሀ ይሁን ጌታ፣ ሯጭ ይሁን ፈረሰኛ፣ ባለበት ይቆማል፤ የማይቆም ሰው በአገሩ ሰው አይባልም። እሷ ግን ትጮሃለች፣ የኔ ሞተርም ይጮሃል። አፏ ሲከፈትና ሲገጥም ይታየኛል፤ ድምፅ የላትም። ደግማ ጮኸች። የአንገቷ ጅማት ተገተረ። አንዱ ጥበቃ በገመዱ ወደኋላ ገፋ አደረጋት። እንግዳው ከደረጃው መውረድ ጀመሩ፤ የመኪናቸው በር ተከፍቶ ይጠብቃል።

እጄ ከናፍጣው መዝጊያ ላይ ነበር። ያን ግንብ እንደ ልጄ ወድጄዋለሁ። ኢንጂነሩ ደግሞ ከደረጃው ግርጌ ቆሞ ሥራውን እያየ ፊቱ በርቷል፤ ያሳዝነኝ ነበር። ደሞዜም እንጀራዬም ያ ነው። ዞር ብዬ እንደገና አየኋት፤ አሁንም አፏ ክፍት ነው። መዝጊያውን አዞርሁት።

ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ሞተ። ግንቡ ጠፋ። ሁሉም ሰው ባለበት ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፅዋ ብቻውን ወጣ።

«በሕግ አምላክ!»

«ማነው የተበደለው?» አሉ እንግዳው በጨለማው ውስጥ። ቆመዋል።

ከመኪናዎቹ አንዱ መብራቱን አበራና ታየች። ትርበተበታለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተርበተበተችም። ከአባቷ ርስት ጀምራ እስከ እሾህ አጥሩ፣ አንድም ሳታስቀር ሳትጨምርም ተናገረች። እንግዳው የወረዳውን ሹም ጠርተው እውነት ነው ወይ አሉት። ሹሙ ነገሩ በቀጠሮ ላይ ነው አለ። ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ «እውነት ነው! አገር ያውቃል!» ብሎ ጮኸ። እንግዳው «ፍርዱ በሌላ ዳኛ እስኪታይ ከቤቷ ትግባ። ነገ አጥሩን አንተው ራስህ ቆመህ ታስነሣለህ» ብለው አዘዙ። ሹሙም እጅ ነሥቶ ተቀበለ።

ሞተሩን መልሼ ሳስነሣ ኢንጂነሩ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነ?» አለኝ። «አየር ስቦ ነው» አልሁት። ናፍጣ አየር ሲስብ ሞተር ይጠፋል፣ ያለ ነገር ነው። ግን አየር የሳበ ሞተር እንዲያ በቶሎ አይነሣም፤ እሱም ያውቃል። እጁን በመዝጊያው ላይ አሳረፈና ወደ ደጁ ተመለከተ፤ ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

በማግሥቱ ምሽት አበራሁ። አልመጣችም። በሦስተኛውም አልመጣችም። ልክ ነው፣ አቤቱታ የሌለው ሰው ደጅ ምን ያደርጋል እያልሁ ራሴን መከርሁ፤ ግን ድንጋይዋን ባየሁ ቁጥር ይከፋኛል። ተቀየምኋት ብል ይሻላል። ና ያለችኝ እሷ እንጂ ነይ ያልኋት እኔ እንዳልሆንሁ ትዝ አይለኝም፤ ኩራዟ እንዲታየኝ ወደ ሁለቱ ዋንዛ ብመለከት ጥቁር ነው። ሹሙ ትእዛዙን በልቶት ይሆናል፣ ወይም ረስታኛለች፤ ሁለቱንም እያፈራረቅሁ እበሳጫለሁ።

ከዚያ ጀነሬተሩን ጎንደር የሚመልሰው መኪና ነገ ይመጣል ተባለ። የመጨረሻውን ምሽት ማንም ሳያዘኝ አበራሁት። ሙከራ የለም፣ እንግዳ የለም፤ ለመሰናበቻ ነው ብዬ ለራሴ ብናገርም፣ እውነቱ ትመጣ እንደሆነ ብዬ ነው። ከደረጃው ላይ፣ እንግዳው ከቆሙበት ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ግንቡ ከኋላዬ ቦግ ብሏል። ፊት ለፊቴ ምንም የለም።

የኢንጂነሩ ንግግር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። እነዚያን ምሽቶች ሁሉ የወንዙን ማዶ ያየሁት ከብርሃኑ ውስጥ ቆሜ ነበር። መብራቱን ሳጠፋ ደግሞ ተበሳጭቼ ቀጥታ ወደ መኝታዬ እገባለሁ። ሙያዬ ነው፣ ማወቅ ነበረብኝ፤ ብስጭት ግን ዓይን ይጋርዳል። ተነሥቼ ወደ ጀርባ ሄድሁና የግራውን ፓውዛዎች አጠፋሁ፣ የቀኙን አጠፋሁ፣ የደረጃውን አጠፋሁ። ሞተሩንም ዘጋሁት። ግንቡ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ።

ከወንዙ ማዶ፣ ሁለት ዋንዛ ካሉበት፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረች። ከጎጆ በር የምትበልጥ ብርሃን አይደለችም። ለካ ቤቷ ከገባችበት ምሽት ጀምሮ እዚያው ኖራለች።

ፋኖሴን አንሥቼ ወረድሁ። ወንዙን በድንጋይ ተሻገርሁ፤ የተነሣው እሾህ ከመንገዱ ዳር ተከምሯል። ከደጇ ስደርስ እግሬ ቆመ። ከሚስቴ ሞት ወዲህ ከሰው በር ላይ ቆሜ ተጣርቼ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚባል እንኳ የረሳሁ መሰለኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ቤቶች» አልሁ።

«ምነው ቆየህ?» አለችኝ ከውስጥ። «ግባ፣ ልጄ።»